ሩቅ ሆኖ መጠየቅ፤ በወረርሽኝ ዘመን የመስክ ተመራማሪዎች ግንኙነት

ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ስለ ቃለ መጠይቅ፣ ስለ ቡና ጭውውትና ስለ ለቅሶ ቤት ምን አገባው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ በልበ ሙሉነት የሰጠነው ምክር ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ ስሕተቱም ስለ ሳይንስ ብዙ አስተማረን። ነገሩ እንዲህ ነው።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንዲት የውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ በአምቦ ከተማ ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። የምታጠናው በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ የሚኖሩ ሴቶች በእድርና በዕቁብ አማካይነት እንዴት እንደሚረዳዱ ነው። ከእርሷ ጋር የምትሠራው ረዳት ደግሞ የእኛው የቀድሞ ተማሪ፣ የጉደር ልጅ ናት። ኦሮምኛውን፣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን አስማምታ የምትናገር፣ በየቤቱ ደጃፍ «ማን ነው?» ሲባል ቀድማ የምትመልስ እርሷ ነበረች። ሁለቱን ያስተዋወቅናቸው እኛ ነን። ወረርሽኙ ወደ አገራችን መግባቱ በተነገረ በሳምንቱ እንግዳዋ በአስቸኳይ እንድትመለስ ከዩኒቨርሲቲዋ ታዘዘች። ሻንጣዋን እየሸከፈች ጥናቷ ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ቀረባት ስታዝን፣ እኛ «ምን ችግር አለ? በስልክ ጠይቂያቸው፤ ድምፅ ያው ድምፅ ነው» አልናት።

ይህ ጽሑፍ ያ ምክር ስለምን እንዳልሠራ የሚያስረዳ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባሉ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ዓይነታዊ ምርምር ምንድን ነው?

የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር በሁለት ትላልቅ መንገዶች ይሄዳል። አንደኛው መጠናዊ ምርምር ሲሆን፣ ስንት፣ ምን ያህል፣ በየስንት ጊዜው እያለ ይቆጥራል። ሁለተኛው ዓይነታዊ ምርምር ሲሆን፣ እንዴትና ለምን ብሎ ይጠይቃል። አንድ እድር ስንት አባላት እንዳሉትና በወር ስንት ብር እንደሚሰበስብ ማወቅ የመጠን ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት ለሃያ ዓመት የከፈለችበትን እድር ድምፅ ሳታሰማ ስለምን እንደምትለቅ ማወቅ ግን በቁጥር ብቻ አይመለስም። ለዚህ ሦስት መሣሪያዎች አሉ፤ ከሰዎች ጋር እየኖሩ መመልከት፣ ጥልቅ ቃለ መጠይቅና የቡድን ውይይት።

ይህ መንገድ በአገራችን አዲስ አይደለም። ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ ስላለው የቃሉ ሥርዓት ያጠናውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1967 አሳትሟል። ከዚያ ወዲህም ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች፣ ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከጉደርና ከጌዶ እስከ ባኮ፣ ማስታወሻ ደብተር የያዘ እንግዳና ከጎኑ የሚሄድ የአገሬው ሰው ማየት የተለመደ ሆኗል።

እኛ የፊዚክስ ሰዎች መሣሪያ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው «ከምን ጋር ተመሳክሯል?» ብለን ነው። ለምሳሌ ቴርሞሜትር ስንሠራ በረዶ የሚቀልጥበትን ነጥብ ዜሮ፣ ውሃ የሚፈላበትን ነጥብ መቶ ብለን እናሰምራለን። ይሁንና አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ በዚህም የተነሣ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የፈላውን ውሃ መቶ ብሎ ቢያሰምር ከዚያ በኋላ የሚለካው ሁሉ የተዛባ ይሆናል። ጥያቄም እንዲሁ ነው። በአንድ አገር ለብ ያለ ጥያቄ በሌላው አገር የሚያፈላ ነው። የቦታውን ከፍታ የሚያውቀውና ጥያቄውን የሚያስተካክለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአገሬው ረዳት ነው።

በመጋቢት ወር የተለወጠው ምን ነበር?

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ ተገለጸ፤ ታማሚው የጃፓን ዜጋ ነበር። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጋቢት 14 ደግሞ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ለ14 ቀናት ተለይቶ እንዲቆይ የሚያስገድደው ሥርዓት ተጀመረ። መጋቢት 30 ለአምስት ወራት የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአዋጁ መሠረት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና በመጨባበጥ ሰላምታ መለዋወጥ ተከለከለ፤ ሰው ከሰውም በሁለት የአዋቂ እርምጃ እንዲራራቅ ታዘዘ።

እነዚህን ክልከላዎች በዓይነታዊ ተመራማሪ ዓይን እንመልከታቸው። የቡድን ውይይት ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥር ሰው ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሕገ ወጥ ሆነ። ቃለ መጠይቅ የሚጀመረው ተጨባብጦ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ የቤተሰቡ ደኅንነት አንድ በአንድ ተጠይቆ ነው፤ ይህም ቀረ። ምልከታ የሚደረግባቸው ለቅሶ ቤቱ፣ ማኅበሩና የዕቁቡ ቀን ተበተኑ። መሣሪያዎቹ ሦስቱም በአንድ ወር ውስጥ ከእጅ ወጡ።

ከዚህም ሌላ እንግዳው ራሱ ተለወጠ። መጋቢት 9 ቀን በአዲስ አበባ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ከበሽታው ጋር ተያይዞ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥላቻ መታየቱን ጠቅሶ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የእኛዋ እንግዳም ከዚያ በፊት በጊንጪ መናኸሪያ ሕፃናት «ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሏት ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን «ኮሮና!» ብለው ሸሿት። ቤት ያከራዩአት እናት ይህን ሲሰሙ ከደጃፍ ቆመው ልጆቹን ገሠጹ፤ ማታ ግን ስኒዋን ለብቻ አስቀመጡላት። እንግዳዋ ይህን ስትነግረን የገሠጻውንም የስኒውንም ነገር እኩል አድርጋ ነገረችን፤ ሁለቱም እውነት ነበሩና።

መመለሷ ትክክል ነበር። ከቤት ቤት የሚዞር ተመራማሪ በሽታውን ለአረጋውያን ሊያደርስ ይችላል፤ በታመመ ጊዜም በቂ አልጋ በሌለበት ስፍራ የሌላውን አልጋ ይይዛል። የትኛውም ጥናት ይህን ያህል ዋጋ አያወጣም።

ታዲያ ለምን ጥናቱ አልተቋረጠም?

አንዳንድ አንባቢ «ወረርሽኙ እስኪያልፍ መተው አይሻልም ነበር?» ይል ይሆናል። መልሱን ታሪክ ይሰጠናል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አገራችንን መታ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመሙ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ የዚያ መቅሠፍት መታሰቢያ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚህ በሽታ ሲጽፍ የተመረኮዘው በዋና ከተማይቱ በነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽሑፍና በባለሥልጣናትና በምሁራን ትዝታ ላይ ነው። የአንዲት የሜጫ ገበሬ ሚስት በዚያ ኅዳር ማን እንዳስታመማትና ልጇን ማን እንደ ቀበረላት ከእነዚያ ወረቀቶች ላይ አናገኘውም። የበቆሎ ሙከራ ዘንድሮ ቢበላሽ ለከርሞ በባኮ ማሳ ላይ ሊደገም ይችላል። በመከራ ወቅት ሰው የሚያስበው ግን በወቅቱ ካልተጠየቀ መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ መጠየቁ አስፈላጊ ነበር፤ ጥያቄው «እንዴት?» የሚለው ነው።

ስልክ ምን ያህሉን ይሸከማል?

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ እንመለስ። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርትዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። መደበኛው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ግን ከ300 እስከ 3,400 ሄርትዝ ያለውን ብቻ ነው። «ሰ» የሚለው ድምፅ ጉልበቱ በአብዛኛው ከዚህ ጣሪያ በላይ ስለሆነ በስልክ ሲነገር ከ«ፈ» ጋር ይምታታል፤ ስማችንን በስልክ ስንናገር የምንደጋግመው በዚህ ምክንያት ነው። ቃሉን ለመረዳት ይህ መጠን ይበቃል። የአተነፋፈስ መክበድ፣ የከንፈር መምጠጥ፣ ከጓዳ የሚሰማ የሌላ ሰው ኮቴ ግን ጠፍቶ ወይም ተዛብቶ ይደርሳል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የጊዜ መዘግየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ በአሥር ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች ሲነጋገሩ ከጥያቄው እስከ መልሱ ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም የአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። አሁን የእኛን ጥሪ እናስላ። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከእኛ እስከ አውሮፓ ያለውን መስመር 8,000 ኪሎ ሜትር ብናደርገው ድምፁ በአንድ አቅጣጫ ለመድረስ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ይህ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ድምፁ ወደ ቁጥር ሲቀየር፣ በጣቢያዎች ሲጠብቅ፣ ደካማ በሆነ የኢንተርኔት መስመር ሲሰለፍና መልሶ ወደ ድምፅ ሲለወጥ መዘግየቱ ብዙ እጥፍ ያድጋል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለተመቸ ንግግር በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። መስመሩ በየአቅጣጫው 300 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ወዲያውኑ የተሰጠ መልስ ለጠያቂው ከግማሽ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ጆሯችን ደግሞ የዘገየን መልስ እንደ መልስ ብቻ አይሰማውም፤ «አመነታ»፣ «ደበቀ»፣ «ፈራ» ብሎ ይተረጉመዋል። ተናጋሪው ያላደረገውን ማመንታት መስመሩ ይጨምርበታል ማለት ነው።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ አልቀረም። በግንቦት ወር እንግዳዋ በረዳቷ ስልክ አማካይነት በጉደር ከሚኖሩ አንዲት እናት ጋር ተነጋገረች። ጥያቄዋ «በዚህ የችግር ጊዜ እድራችሁ ደረሰላችሁ?» የሚል ነበር። ከወዲያ በኩል ረዥም ዝምታ ሆነ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ደገመች። እናቲቱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ሌላ ነገር አነሡ። እንግዳዋ በማስታወሻዋ ላይ «የአካባቢውን አስተዳደር በመፍራት መልስ ሸሽተዋል» ብላ ጻፈች።

ረዳቷ ግን የዚያን ሳምንት ነገር ታውቅ ነበር። የእናቲቱ ታናሽ እኅት ሞተው፣ በክልከላው ምክንያት በጥቂት ሰው ብቻ ተቀብረዋል፤ የእድሩ ድንኳን አልተተከለም። በእሑድ ቀን ሄዳ ከአጥሩ ውጭ ቆማ፣ እርሳቸውም ከደጃፋቸው ተቀምጠው ተጨዋወቱ። ጥያቄውን አላነሣችም፤ ያነሡት እርሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ አልደረሰልኝም ብል ጎረቤቶቼን መክሰስ ነው፤ እነርሱ ከመንግሥት ቃል አይወጡም። ደረሰልኝ ብልም እኅቴ ላይ መዋሸት ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ» አሏት።

እነሆ፣ ዝምታው ፍርሃት አልነበረም፤ ሐዘንና ጨዋነት ነበር። ለጥናቱም ከብዙ ገጽ መልስ የበለጠ ትርጉም ነበረው፤ እድር ማለት የገንዘብ መደብ ብቻ ሳይሆን ባለመምጣቱ እንኳ የማይወቀስ ወዳጅነት መሆኑን ይናገራልና። ድምፅ ያው ድምፅ ነው ያልነው ስሕተታችን እዚህ ላይ ተገለጠልን። ድምፁን ስልኩ አደረሰው፤ ዝምታውን ግን ሊያደርስ አልቻለም።

በስልክ የተደመጠው ማን ነው?

ሁለተኛው ችግር ስልክ የሌለውን ሰው የሚመለከት ነው። የዓለም ባንክ ከኢትዮጵያ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ጋር በቀደመው ጥናት የተመዘገቡ ቤተሰቦችን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በስልክ እየጠየቀ የወረርሽኙን ጫና ለማወቅ ሞክሯል። ሥራው ጠቃሚ ነበር፤ ነገር ግን በከተማ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ስልክ ሲኖረው፣ በገጠር ከግማሽ በታች የሆነው ብቻ እንደ ነበረው ይታወቃል። ስታቲስቲክስ ይህን ጉድለት በክብደት ስሌት በመጠኑ ያርመዋል። ዓይነታዊ ምርምር ግን ያልሰማውን ታሪክ በስሌት ሊተካ አይችልም። ስልክ ባለበት ቤትም ስልኩ የማን ነው የሚል ጥያቄ አለ። የባል ስልክ ላይ፣ ድምፁ ከፍ ተደርጎ፣ ባል አጠገቧ ተቀምጦ የምትጠየቅ ሴት ስለ ቤቷ ምን ልትል ትችላለች?

በሌላ በኩል ስልክ የሠራበት ምሳሌም አለ። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እየተከታተለ አሳድጓል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታቀደው የአካል ጉብኝት በወረርሽኙ ምክንያት ሲቀር በስልክ ጥሪ ተተካ። ይህ ሊሆን የቻለው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የጥናቱ ሠራተኞች ከቤተሰቦቹ ጋር ግንኙነታቸውን ስላላቋረጡ ነው። ስልኩ የቆየ መተዋወቅን ሊያስቀጥል ይችላል፤ ያልነበረን መተዋወቅ ግን አይፈጥርም። ከዚህ የምንረዳው ርቀት ራሱ ብቻውን ጥናትን እንደማያበላሽ ነው።

ክሩ ሲበጠስ

እስከ ሰኔ ወር ድረስ የእንግዳዋና የረዳቷ ሥራ በዚህ መልኩ ቀጠለ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የአምቦ ተወላጅ የሆነው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ። ሰኔ 25 ቀን በአምቦ ተቀበረ። በእነዚያ ቀናት በከተማይቱና በአካባቢዋ ስለ ነበረው ሐዘንና ስለ ጠፋው የሰው ሕይወት እዚህ መዘርዘር የጽሑፋችን ዓላማ አይደለም። ለጉዳያችን የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ከሰኔ 23 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መዘጋቱም ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆየ። ቀደም ብሎም ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በጎረቤት የወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጠው ነበር፤ ስለዚህ ባኮ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ የሚደውል ሰው ይህን አስቀድሞ ቀምሶታል።

እንግዳዋ በአውሮፓ ሆና ዜናውን ትሰማለች፤ ረዳቷን ግን ልታገኛት አልቻለችም። ረዳቷ በጉደር ቤቷ ተቀምጣ የጎረቤት ለቅሶ ትሰማለች፤ ስለ ጥናቱ አላሰበችም፤ ልታስብም አይጠበቅባትም። ኢንተርኔቱ ሲከፈት የተጠራቀሙት መልእክቶች በአንድ ጊዜ ገቡ። የመጀመሪያው «ደኅና ነሽ ወይ?» ይላል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን «የቃለ መጠይቆቹን ጽሑፍ መቼ ትልኪልኛለሽ? የገንዘብ ሰጪዎቹ ቀን እየደረሰ ነው» የሚል ነበር።

በማግሥቱ ወደ እኛ መጣች። ከግቢው ዛፍ ሥር ተራርቀን ተቀመጥን። ስልኳን ዘርግታ አሳየችንና «መምህር፣ እኔ ለእርሷ ምኗ ነኝ?» አለችን።

ጥያቄው ከባድ ነበር፤ መልሱም በዚያ ቀን አልተገኘም። እንግዳዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ለወራት አንድ ማዕድ ቆርሰዋል፤ ረዳቷ እንግዳዋን እኅቴ ትላት ነበር። ነገር ግን እኅትነቱ በአንድ በኩል ደመወዝ ከፋይነት፣ በሌላ በኩል ተቀጣሪነት ነበረበት። እንግዳዋ በአምቦ በነበረችበት ጊዜ አብረው ስለሚሄዱና አብረው ስለሚበሉ ይህ ልዩነት አልታየም። ወረርሽኙ ሲለያያቸው ግን አደጋው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተሰበሰበ። በታክሲ የምትሳፈረው፣ በየደጃፉ የምትቆመው፣ ለቅሶ የምትደርሰው፣ ስለ ፖለቲካ በተጠየቀ ጥያቄ ጎረቤት የሚጠረጥራት ረዳቷ ናት። ዲግሪው፣ ጽሑፉና ስሙ ደግሞ በሌላው ወገን ነው። ጥናቱ ሲያልቅ እንግዳዋ ወደ ሌላ ጥናት ትሄዳለች፤ ረዳቷ ግን በጉደር ገበያ እነዚያኑ እናቶች በየሳምንቱ ታገኛቸዋለች።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ አንድ ተማሪ የተጠቀመበትን መሣሪያ ሳይገልጽ ውጤት ቢያቀርብ ሪፖርቱን እንመልስበታለን። በብዙ የመስክ ጥናቶች ግን ነገሩን ያየው፣ የሰማው፣ የተረጎመውና ያረመው ሰው «የመስክ ረዳት» ተብሎ በምስጋና ገጽ ላይ በአንድ መስመር ያልፋል። ይህ የፍትሕ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የሳይንስም ጉድለት ነው። የዝምታውን ትርጉም ያገኘው ማን እንደ ሆነና እንዴት እንዳገኘው ካልተጻፈ አንባቢው የውጤቱን እርግጠኛነት ሊመዝን አይችልም።

አንድ የጥንት ምሳሌ

ከሩቅ ሆኖ ኢትዮጵያን ማጥናት በኮቪድ ዘመን የተጀመረ አይምሰላችሁ። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ (እ.ኤ.አ. 1624–1704) ስለ አገራችን ቋንቋና ታሪክ ስመ ጥር መጻሕፍትን ሲጽፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተዋወቀ። አባ ጎርጎርዮስ በአማራ ከመካነ ሥላሴ የተገኙ ሊቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1652 በጎታው መስፍን ግብዣ ወደ ጀርመን ሄደው በቤተ መንግሥቱ ተቀምጠው የሉዶልፍን ጥያቄዎች መለሱ፤ ከዚያም በኋላ በደብዳቤ ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ።

የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1681፣ አባ ጎርጎርዮስ ካረፉ ከ23 ዓመት በኋላ ነው። የሞተ ሰው ስሜ ቀረ ብሎ አይከስም። ሉዶልፍ ግን የእውቀቱ ምንጭ እርሳቸው መሆናቸውን በስም ጻፈ፤ ሥዕላቸውንም አሳተመ። ዛሬ የሉዶልፍን ሥራ የሚያነብ ምሁር ሁሉ የአባ ጎርጎርዮስን ስም የሚያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህም ለመልካምነቱ ብቻ የሚመሰገን አይደለም፤ መረጃው ከማን እንደ መጣ ስለምናውቅ የትኛው ክፍል በቅርብ የታወቀ፣ የትኛውስ በወሬ የተሰማ እንደ ሆነ መለየት እንችላለን። ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመታት በፊት በደብዳቤ የተቻለው ነገር በኢንተርኔት ዘመን ሊያቅት አይገባም።

ነገሩ እንዴት ተፈጸመ?

ረዳቷ በመጨረሻ ያን ጥያቄ ለእንግዳዋ ራሷ ጻፈችላት። መልሱ ከሦስት ቀን በኋላ መጣ፤ ረዥም ነበር፤ ይቅርታም ነበረበት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በጽሑፍ ተስማሙ። የስልክ ካርድና የመጓጓዣ ወጪ አስቀድሞ እንዲላክ፣ ረዳቷ አደገኛ ነው ባለችው ቀን ያለ ምንም ምክንያት ሥራው እንዲቆም፣ ማስታወሻዎቹን ሁለቱም አንብበው እንዲያርሙ፣ ከጥናቱ በሚወጣው ጽሑፍ ላይም ሁለቱም በደራሲነት እንዲጠሩ ወሰኑ። የዶክትሬቱ ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲው ደንብ የአንድ ሰው ስም ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ የረዳቷ ስም በምስጋናው ገጽ ቀረ። ከእርሱ ተቀንጭቦ በመጽሔት የወጣው ጽሑፍ ግን የሁለቱንም ስም ይዟል። «ፍርሃት» ተብሎ የተጻፈው ማስታወሻም ተሰርዞ የእናቲቱ ቃል በቦታው ገባ። ግማሽ ድል ነው ብንል አንሳሳትም።

እናንተ ወጣት አንባብያን ነገ ከሁለቱ በአንዱ ቦታ ትቆማላችሁ። አንዳንዶቻችሁ በሌላ አገር በእንግድነት ትጠይቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ደግሞ በአገራችሁ የሌላውን ጥያቄ ይዛችሁ ደጅ ታንኳኳላችሁ። እኛም በውጭ አገር ስንማር በእንግድነቱ ወገን ቆመናል፤ ቋንቋቸውን ሳናውቅ በትዕግሥት ያስረዱን የቤተ ሙከራ ባለሙያዎችን ስም በጽሑፋችን ላይ አላሰፈርንም። ያኔ አልታወቀንም። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን በወረቀት አስፍሩ። አንደኛ፣ ችግር ቢመጣ አደጋውን ማን ይሸከማል? ሁለተኛ፣ ግንኙነት ቢቋረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰው ነው ወይስ ሥራ? ሦስተኛ፣ በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ የማን ስም ይጻፋል? እነዚህ ከወዳጅነት ጋር የሚጣሉ ጥያቄዎች አይደሉም፤ ወዳጅነቱ በሚፈተንበት ጊዜ የሚደግፉት ናቸው።

ረዳቷ ዛሬ የራሷን የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት እየሠራች ነው። ባለፈው ወደ ቢሯችን ብቅ ብላ የጥናት ዕቅዷን እንድናይላት ሰጠችን። በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ገና አንድ ቃለ መጠይቅ ሳታደርግ፣ በጌዶ የምትሠራላትን ረዳት ስም ከነድርሻዋ ጽፋዋለች። የፊዚክስ ሰው ምን ብሎ ያርመዋል? እንዳለ መለስንላት።